የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አምስት ድምፅ፣ ሁለት ቅኝት

የሙዚቃ ክበባችን ዘንድሮ ሥራውን የጀመረው ዘፈን በመለማመድ አልነበረም። የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ሙዚቃ እንዴት እንደሚዋቀር ለመማር እናውለው ብለን ተስማማን፤ ስኬል (የድምፆች ቅደም ተከተል)፣ ሃርመኒ (ድምፆችን አብሮ ማሰማት) እና የምት አቆጣጠር ማለት ነው። ክራርና ጊታር ተሸክመው የመጡት አባላት መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏቸው ነበር። ሰሌዳው በቁጥር ሲሞላ ያዩት ደግሞ «የሒሳብ ክበብ ነው እንዴ?» እያሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ጆሮ ካልደረሰ ለሙዚቃ ክበብ ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ በዚያው ዕለት ተጫውተን ሳንሰማው እንዳይታለፍ ወሰንን።

ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከሚቀጥለው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ይባላል፤ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ 12 ግማሽ ድምፆች አሉ። ሜጀር ስኬል ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱን ይመርጣል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር 2፣ 2፣ 1፣ 2፣ 2፣ 2፣ 1 ነው። አባላቱ ደስ ካላቸው ቁልፍ እየተነሡ ርቀቱን ብቻ ጠብቀው እንዲጫወቱ አደረግን። ከሬም ተነሡ ከፋ፣ የሚሰማው ያው ዜማ ነው፤ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ መልኩን አይለውጥም።

ከዚያ ወደ ቅኝቶቹ ተሻገርን። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ጆሮው የማያውቅ አባል የለም፤ በርቀት ቆጥሮ ያያቸው ግን አልነበረም። ትዝታ ሜጀር 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ነው። ይህን እንደጻፍን አንድ ልጅ ሦስቱ ጥቁር ቁልፎች ከተደረደሩበት ተነሥቶ ጥቁሮቹን ብቻ በተርታ ሲነካ ትዝታ ሆኖ ወጣ። ባቲ ሜጀር 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1፤ አምባሰል 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4፤ አንቺሆዬ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3። እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት፦ ክራር የሚቃኘው በተጫዋቹ ጆሮ ስለሆነ ድምፆቹ ከኪቦርዱ ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። ቁጥሩ የቅኝቱን አጥንት ያሳያል፤ ለዛው ከተጫዋቹ ነው የሚገኘው።

የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የመጣው ከአምባሰል ነው። አምባሰልን ከሚ ብንጀምር ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይሆናል፤ አምስቱም ነጭ ቁልፎች ናቸው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ብቻዋን ስትሞክረው ቆይታ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ትዝታ እየሆነብኝ ነው» አለችኝ። ጣቶቿን አየሁ፤ አንድም የተሳሳተ ቁልፍ አልነካችም። ዜማዋን የምታሳርፈው ግን ሚ ላይ ሳይሆን ላ ላይ ነበር። ከላ ተነሥተን እነዚያኑ ድምፆች ስንቆጥር ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፦ 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4 ሆነ። ትዝታ ማይነር ነው። የተጨመረም የተቀነሰም ድምፅ የለም፤ የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው።

ይህችን ነገር ቶሎ አልለቀቅናትም። አንዱ አባል በታችኛው ድምፅ ሚን ይዞ ሲቆይ ሌላው በአምስቱ ቁልፎች ዜማ ያወጣል፤ ከዚያ የታችኛው ድምፅ በድንገት ወደ ላ ይዞራል። የቀሩት ዓይናቸውን ጨፍነው ስሜቱ ሲቀየር እጃቸውን ያነሣሉ። መጀመሪያ ላይ እጅ የሚያነሡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ኋላ ግን ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያነሣ ጀመር። ዶ ሜጀርና ላ ማይነር በተመሳሳይ ነጭ ቁልፎች የሚሠሩ ሆነው ለምን እንደሚለያዩ ከዚያ ወዲህ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ሃርመኒን በጊታር ክር ጀመርን። ክሩን ግማሹ ላይ ብንጫነው ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ይወጣል፤ የክሩ ሁለት ሦስተኛ ብቻ እንዲርገበገብ ብናደርግ ከዶ ወደ ሶል እንዳለው ያለ ርቀት፣ ማለትም 3 ለ 2 እናገኛለን። ኮርድ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ ነው፤ የሜጀር ኮርድ ሦስት ድምፆች ንጹሕ ሲሆኑ ድግግሞሻቸው (በሴኮንድ የሚርገበገቡት ብዛት፣ በሄርዝ የሚለካው) 4፣ 5፣ 6 ሆኖ ይዛመዳል። ኪቦርድ ግን እንዲህ አይደለም። ላ 440 ሄርዝ ሲሆን ከበላዩ ያለው ንጹሕ ዶ ሻርፕ (ከዶ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ቁልፍ) 550 መሆን ሲገባው ኪቦርዱ 554 ከምናምን ይሰጣል። ሁለቱን ድምፆች በስልክ አብረን ስናሰማቸው በሴኮንድ አራት ጊዜ ያህል የሚሞላና የሚጎድል ድምፅ ሰማን። ለምን ንጹሑን አይሠሩትም ለሚለው መልሱ ካልኩሌተር ላይ ወጣ፤ 3 ለ 2 የሆነውን ርቀት 12 ጊዜ ብንደራርብ ድግግሞሹ የመነሻው 129.75 እጥፍ ገደማ ይመጣል፣ ሰባት ኦክታቭ ግን 128 እጥፍ ነው። ሁለቱ ስለማይገናኙ ትርፉን ለአሥራ ሁለቱም ማካፈል ግድ ሆኗል።

ኮርድን ከቅኝት ጋር ስናጋባ ደግሞ አምባሰል ተመለሰብን። ከሚ በተነሣው አምባሰል ውስጥ ሶልም ሶል ሻርፕም የለም፤ ስለዚህ በማረፊያው ላይ ሜጀርም ማይነርም ኮርድ አይሠራም። በቀላሉ የሚገኘው ላ ማይነር ነው፤ እሱን ስናስገባ ግን ጆሯችን ማረፊያውን ወደ ላ ይወስደውና አምባሰሉ ትዝታ ይሆናል። በእኔ እምነት ኮርድ ለማንኛውም ቅኝት ጌጥ ነው ብሎ ዝም ብሎ መደርደር ቅኝቱን ይጎዳል። አባላቱም ለአምባሰል ከኮርድ ይልቅ ሚንና ሲን ብቻ ከሥር ይዞ መቆየትን መርጠዋል። ያማረ ምርጫ ነው።

ምትን በጭብጨባ ተማርን። ስድስት እኩል ጭብጨባ ይሰማል፤ አንደኛውንና አራተኛውን ብናጠነክር 6/8፣ አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ብናጠነክር 3/4 ነው። ፍጥነቱ ያው፣ ቁጥሩም ያው። ብዙውን ጊዜ በ6/8 የሚጻፈው ችክችካ የሚጥመው ጆሮ አንዴ ለሁለት፣ አንዴ ለሦስት ሲከፍለው ነው። አባላቱ በእግራቸው ሁለቱን እየረገጡ በእጃቸው ሦስቱን እስኪያጨበጭቡ ድረስ ብዙ ደክመዋል፤ የቻሉት ሌሎቹን አስተማሩ።

ኖታ ማንበብም ጀምረናል፤ ገና ነው። በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ክበቡ ከዘፈኖቹ በፊት አምስቱን ነጭ ቁልፎች ለወላጆች አሰማ፤ መጀመሪያ ሚ ላይ፣ ከዚያ ላ ላይ እያሳረፈ። ማብራሪያውን የሰጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

በሚቀጥለው ዓመት በአንቺሆዬ እንጀምራለን። ከመነሻው በላይ 7 ግማሽ ድምፅ የሚርቀው አምስተኛ ድምፅ ስለሌለው ለአምባሰል ያገኘነው መላ አይሠራለትም። ቀጥሎ 5/8 እና 7/8 ምቶች አሉ። ለሁለቱም በጆሮው ክራር የሚቃኝ ተማሪ በጣም ያስፈልገናል፤ ኖታ ማንበብ ባይችልም ይምጣ።