ልምምዱ የግድ በደንበኛ መኪና ላይ ነው?

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ቀለም ቀቢም አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን ላለፉት አራት ወራት ቅዳሜና እሁዴን ያሳለፍኩት ከአንድ አሮጌ የመኪና ኮፈን (የሞተር ክዳን) ጋር ነው፣ ባለቤቴ «ቅናት ሊይዘኝ ነው» እስክትል ድረስ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ አለችኝ። አንድ ቀን መንገድ ሲጨናነቅ አንድ ባጃጅ በግራ በኩል የኋላ በሯን ጫር አድርጓት አለፈ። ቀጭን ጭረት ናት፣ አንድ ስንዝር ተኩል ብትሆን ነው። «ፖሊሽ ያጠፋታል» ተባልኩና ሰፈራችን አካባቢ ወዳለ ላቫጆ ወሰድኳት። «በሯን ብቻ ከምንነካ ሙሉ ፖሊሽ እናርጋት፣ አዲስ ነው የምትሆነው» አሉኝ። ከሰዓት ስመለስ እውነትም እንደ መስታወት ታበራለች። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ፣ የሻይም ጨመርኩ።

ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ሁለት ሦስቴም ታጠበች። ጭረቷ እዚያው ቦታዋ ላይ ብቅ አለች። እሱ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ጠዋት ፀሐይ ላይ ሳያት ግን ኮፈኗ ከዳር እስከ ዳር ክብ ክብ በሆነ መስመር ተሞልቷል፣ የሸረሪት ድር የተዘረጋበት ይመስላል፣ ወዲያ ወዲህ ስል መስመሩም አብሮኝ ይሄዳል። በስተቀኝ ጠርዙ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ሰማያዊው ጠፍቶ ግራጫው የሥር ቀለም ወጥቷል። በልቶታል!

ተመልሼ ሄድኩ። ባለቤቱ «ድሮም ነበረ» አለኝ። ከመኪናዬ ጋር ስንት ዓመት እንደኖርኩ የሚያውቀው እሱ ሆነ ማለት ነው። የፖሊሽ ማሽኑን የያዘው ልጅ ግን አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ለብቻው ጠርቼ «እውነቱን ንገረኝ፣ ስንት መኪና ሠርተሃል?» አልኩት።

«የእርስዎ አራተኛዬ ነው ጋሼ።»

«ሦስቱስ?»

«እነሱም የደንበኛ ናቸው።»

በልጁ አልተናደድኩም። ማን አሳየው? ማሽኑን አስያዙትና «በል ሥራ» አሉት፣ በቃ። ሰው ሥራ መልመድ አለበት። እኔን የከነከነኝ የሚለምድበት ነገር ነው።

ብዙ ሰው ፖሊሽ ጭረትን የሚሞላ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። የአብዛኛው የዛሬ መኪና ቀለም ከላዩ ክሊር የሚባል፣ ራሱ ቀለም የሌለው ሽፋን አለው። ቀላል ጭረት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ኮምፓውንድ በሚባለው የፖሊሽ ቅባት ውስጥ ያለው ደቃቅ ነገር የማሽኑ ስፖንጅ ሲሽከረከር ክሊሩን ይፍቀዋል፣ ዙሪያው ዝቅ ብሎ ከጭረቱ ወለል ጋር ሲስተካከል «ጭረቱ ጠፋ» እንላለን። ፖሊሽ ማለት እንግዲህ መቀነስ ነው። በእኛ ሙያ ወጪ እንጂ ገቢ የሌለው ሒሳብ ነው። ተቀማጩ ደግሞ ምን ያህል መሰላችሁ? ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ ወይም ከዚያ በታች። የራሳችን ፀጉር እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይወፍራል። የእኔዋ ጭረት ተመልሳ የወጣችውም አልተፋቀችማ፣ ቅባትና ሰም ነው የተሞላባት፣ ሳሙና ሲነካው ለቀቀ።

እንግዲህ ያ ልጅ የተለማመደው ከዚያች ተቀማጭ እየቀነሰ ነው። ዳግም ኮፈኑ ካልተቀባ በቀር የወጣው አይመለስም።

ነገሩ እልህ ውስጥ ከተተኝና ከዘመድ ማሽን ተዋስኩ፣ በደቂቃ ከ600 እስከ 3000 ጊዜ የሚዞረውን። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ የተጣመመ ኮፈን ፈለግኩ። ነጋዴው «የምን ሞዴል?» ሲለኝ «የፈለገው ይሁን፣ ጥቁር ብቻ ይሁን» አልኩት። ሳቀብኝ። ግን ጥቁር ጥፋት አይደብቅም፣ ነጭ ላይ ብለማመድ ራሴን ነበር የማታልለው።

ኮፈኑን ሁለት በርሜል ላይ አጋደምኩት፣ አጠብኩት፣ በወረቀት ፕላስተር ስድስት ቦታ ከፈልኩት። አንዱን ክፍል በቁልፍ ጫርኩት፣ አንዱን በመጥረጊያ፣ አንዱን በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት። የገዛ ዕቃን እንዲህ መጫር ሲያስደስት!

የመጀመሪያ ቀን ማሽኑን አየር ላይ እንዳለ አስነሳሁት። ኮምፓውንዱ ግድግዳው ላይ፣ ፊቴ ላይ፣ ገመድ ላይ በተሰጣው የባለቤቴ ነጠላ ላይ ተረጨ። ለካ መጀመሪያ ስፖንጁ ኮፈኑ ላይ ያርፋል፣ ኮምፓውንዱ ማሽኑ ሳይነሳ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በዝግታ ነው የሚነሳው። በሁለተኛው ቀን ጠርዝ አቃጠልኩ፣ ልክ እንደ ልጁ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው ቆም ያልኩት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ዓይነት ሽታ ሸተተኝ፣ ሳነሳው ቀለሙ የለም። ቀለም ሲቀባ ከጠርዝና ከሹል መስመር ላይ ስለሚሸሽ እዚያ ጋ ስስ ነው፣ ስፖንጁም ጉልበቱን በሙሉ የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው። አሁን ማሽን ከማስነሳቴ በፊት ጠርዙን ሁሉ በፕላስተር እሸፍናለሁ። በሦስተኛው ቀን መብራት ሄደና ኮምፓውንዱ ደርቆ ቀረ። እሱን ማስለቀቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ተዉት።

እጄ መግባት የጀመረው ወር ከሞላኝ በኋላ ነው። ከክንድ ያልበለጠ ካሬ፣ አራት አምስት ጠብታ ኮምፓውንድ፣ ፍጥነቱ 1200 አካባቢ፣ ስፖንጁ ዝርግ እንደሆነ፣ ክንድ ደግሞ በጣም በቀስታ። መጀመሪያ በቁመት ትሄዳለህ፣ ከዚያ ገበሬ እርሻውን እንደሚደግመው በወርድ ትሻገራለህ፣ አንዱ መስመር ግማሹን በፊተኛው ላይ እየደረበ። በየመሀሉ መዳፍህን ታሳርፍበታለህ፣ ሙቀቱን እጅህ ካልቻለው ቀለሙም አልቻለውም። ፀሐይ ላይ የዋለ ኮፈን ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ሲያልቅ በንጹሕ ጨርቅ ትጠርግና የስልክህን ባትሪ አብርተህ በአግድመት ታየዋለህ። ክብ ክብ መስመር ከቀረ ለስላሳ ስፖንጅና ደቀቅ ያለ ፖሊሽ ይዘህ ትደግመዋለህ። የእኔን ኮፈን ያበላሸው አንዱ ነገር ይሄ ሁለተኛው ዙር መዘለሉ ነው።

ለጀማሪ ደግሞ ሌላ ዓይነት ማሽን አለ፣ እየዞረ የሚወዛወዝ። ይዘገያል እንጂ ቀለም ለማቃጠል እንደ መጀመሪያው አይቸኩልም። እኔ ግን በዓይኔ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሞ መኪና የሚፖልሽ ሰው አይቻለሁ። ትንሹ የብረት መቁረጫ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11000 ይዞራል እኮ! እንዲህ ያየ ሰው ዝም ብሎ ቁልፉን ተቀብሎ ይሂድ።

ደግሞ የጥፍር ነገር አለ። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አቋርጣችሁ ሳቡት። ከያዘው ጭረቱ ጥልቅ ነው፣ ማደብዘዝ ይቻል ይሆናል እንጂ በፖሊሽ አያልቅም፣ የግድ ላጥፋው ካልክ ክሊሩን ጨርሰህ ነው። የእኔዋን በር ከወራት በኋላ ስሞክራት ከመሀል ጥፍሬን ያዘችው! አንድ ሰው ያኔ በጥፍሩ ነክቶ «ጋሼ፣ ዳርና ዳሩ ይለቃል፣ መሀሉ ይቀራል» ቢለኝ ኖሮ በደስታ እከፍለው ነበር፣ ኮፈኔም ባልተነካች።

ጉዳዩ የቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል፣ ብዙዎቻችን ያለችንን ይዘን ነው የምንከርመው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ክሊር አትምርም። ጣሪያቸውና ኮፈናቸው እንደ ቆዳ የተላጠ ስንት መኪና በየመንገዱ ታያላችሁ። እዚያ ደረጃ ከደረሰ ፖሊሽ ምንም አያደርግለትም፣ መቀባት ነው። ድጋሚ የተቀባ መኪና ከሆነ ደግሞ ክሊሩ ምን ያህል እንደሆነ በዓይን አይታወቅም፣ ክሊር የሌለው ቀለምም አለ። ባለ ክሊር መኪና ላይ ስፖንጁ የመኪናውን ቀለም መልበስ ከጀመረ በቃ፣ ማሽኑን ማጥፋት ነው።

የላቫጆና የጋራዥ ባለቤቶች ይህን ካነበባችሁ፣ አንድ የወደቀ ኮፈን ገዝታችሁ በራችሁ ላይ አስቀምጡ። ዋጋው እኔን ካስከፈላችሁኝ የአንድ ቀን ፖሊሽ ያንሳል፣ ገዝቼ አይቼዋለሁ። አዲስ ልጅ ሲመጣ እሱን ያቃጥል። ባለመኪኖችም መኪናውን ጥላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት «እስቲ አንድ ካሬ ሠርተህ አሳየኝ» በሉ፣ የተሠራውን በሳሙና አሳጥባችሁ ፀሐይ ላይ እዩት። የሚያኮርፍ ካለ ቁልፋችሁን ተቀበሉ።

ያ ልጅ ያለፈው እሁድ እኛ ቤት መጥቶ ነበር፣ እኔው ነኝ የጠራሁት። ኮፈኑን አሁን እንደገና ስድስት ካሬ ከፍዬዋለሁ። የመጀመሪያውን ጥሩ አድርጎ አወጣው፣ ከእኔ ይሻላል፣ ክንዱ አይንቀጠቀጥም። ሁለተኛው ላይ ጠርዙን አቃጠለው። ደንግጦ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔ ደግሞ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቡና ተፈልቶ ነበርና ጠጣን፣ ከዚያ ፕላስተሩን ለጥፎ ወደ ሦስተኛው ሄደ።

የኮሮላዋ ባለቤት
ከአዲስ አበባ