ባሌ ለምትመጡ፦ ስለ ማታው ዓሳ ማጥመድ
ሰላም የባህር ዳርና የማርቆስ ልጆች፣ ትራውት እንደ ጣና ቆሮሶ አይደለም፣ ከውጭ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሳ ነው፣ ትልልቁ ቡናማው ደሞ ቀን ተደብቆ ይውልና ሲጨልም ነው ዳር ወጥቶ የሚበላው፣ ስለዚህ ዘላችሁ ሳትገቡ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ሞክሩ። ውሃው በጣም ሲቀዘቅዝ ዓሳውም ይፈዛል፣ ክሩን ቀስ አርጋችሁ ሳቡ። ባትሪ ውሃው ላይ አታብሩ፣ ይሸሻል። ከጉልበት በላይ የሚገባ የለም፣ ዱላ ይያዝ፣ ቦቲው ውሃ የገባበት ወዲያው ወጥቶ ይቀይር (እየተንቀጠቀጠ ደህና ነኝ የሚል ሰው አላምንም)። ጋቢ አትርሱ፣ የጮቄ ተራራን ብርድ የሚያውቅ ይገባዋል። ይሄን የማታ ማጥመድ ግን እዚህ ዓባይ ከጣና መውጫው ጋ እንዳትሞክሩት፣ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ማታ ነው። የማታ ፈቃድ ቀድመን እንጠይቃለን፣ የምትመጡ እስከ አርብ አሳውቁኝ።