ገመዱ ከብልሽቱ በላይ ሲጎዳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጥምቀት ሲቃረብ ቤተሰብ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣው መኪና ይበዛል። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው የዓባይ በረሃ መንገድ ላይ ታዲያ አንዱ መቆሙ አይቀርም። አላፊው ሹፌር ወርዶ «ገመድ አለህ?» ይላል፤ ከስር የተገኘው ብረት ላይ ይቋጠርና ጉዞ ይጀመራል። ደግነቱ ደግነት ነው፤ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) የሚያልቀው ግን እዚያ ላይ ነው።

ማንዋል ከሆነ ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) አድርጎ ቀስ ብሎ መጎተት ብዙም አይጎዳውም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግን የሚረጨው ሞተሩ በሚያዞረው ፓምፕ ነው። ሞተር ጠፍቶ ጎማ ሲዞር ውስጡ ዘይት ሳያገኝ ይፋተጋል። አንዳንድ አምራቾች ለአጭር ርቀት በዝግታ ይፈቅዳሉ፤ የዓባይ አቀበት አጭር ርቀት አይደለም። ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ደግሞ ፊቱን አንስተው ኋላውን መሬት ላይ ካስኬዱት ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው የመሃል ዲፈረንሺያል ሊቃጠል ይችላል፤ ሎቤድ (መኪና በጀርባው የሚጭን ተሽከርካሪ) ላይ መጫን አለበት። አሮጌው ሃርድቶፕ (ላንድክሩዘሩ) ግን ይምረናል፦ ማንዋሉን ፎሌ፣ ረዳት ማርሹን ወደ ሁለት ጎማ፣ የፊት ፍሪዊሉን (የፊት ጎማውን ከአክስሉ የሚያላቅቀውን) ወደ ፍሪ።

የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የበዛው የኤሌክትሪክ መኪናም በገመድ ሊታሰብ አይገባም። ጎማው ሲዞር ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚለውጠው ክፍል) ሊቃጠል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። ብዙ ጫኚዎችን የሚያስቸግረው ሌላ ነገር አለ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ 12 ቮልት ከሞተች ብዙዎቹ ፎሌ አይገቡም፣ የእጅ ፍሬናቸውም አይለቅም። ያኔ በዊንች እየጎተቱ ጎማ ከመፋቅ በፊት ትንሿን ባትሪ ከሌላ ባትሪ በኬብል አስነስቶ ፎሌ ማስገባት ይቻላል።

የግድ በገመድ ከሆነ፣ መጎተቻው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ከክሪኩ ጋር ተቀምጧል። ፓራውልቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈልቅቆ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ነው (የአንዳንዱ ጥርስ ወደ ግራ ስለሚዞር አልገባም ብሎ መተው የለም)። የመሪ ብረት ላይ ማሰር መሪውን ማጣመም ነው። ገመዱ መሃል ላይ ወፍራም ካፖርት ጣል ይደረግበት፤ ቢበጠስ ተወርውሮ የሚመታው ጫፉ ነው። የሚጎተተው ሰው ቁልፉን ይክፈት፣ አለበለዚያ መሪው ይቆለፋል። ሞተር በጠፋበት ፍሬኑ አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቁልቁለት ላይ በገመድ መሄድ ጨርሶ አይሞከርም።

መኪና የሚያከራዩ ድርጅቶች ቁልፍ ሲያስረክቡ ካምቢዮው ምን እንደሆነና በስንት ጎማ እንደሚነዳ በወረቀት ጽፈው ቢሰጡ መልካም ነው፤ ሎቤድ ለመጥራት ሲደወል የሚጠየቀው ይኸው ነው። ጎማዎቹ ይዞሩ እንደሆነም መናገር ያስፈልጋል፤ የማይዞር ከሆነ የሚላከው መሣሪያ ይለያል።

ለምልክት የተደረደረው ድንጋይ ደግሞ መኪናው ሲነሳ አብሮ ይነሳ። ማታ ለሚመጣው ሁለተኛ ብልሽት ምክንያቱ እሱ ነው።