እጄ አልረሳውም

ሆዴ እንዴት ነሽ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ተናደጂ መብትሽ ነው። ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ። ስለሱ ታች እመለስበታለሁ፣ አሁን ግን ቶሎ የምትመልሺልኝ ነገር ስላለ እሱን ላስቀድም።

የኔ ሰው እናት ሊመጡ ነው። ከጎንደር! ቪዛው ተሳካ፣ ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ ይደርሳሉ። ገና ዓይኔን ሳያዩ በስልክ "ልጄ" ነው የሚሉኝ፣ ስልኩን ስዘጋ አለቅሳለሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? የመጀመሪያው እራት ውጭ ይሁን ተባለ። እኔ ሐበሻ ቤት ነበር ያልኩት፣ እሳቸው ግን "እንጀራማ እዚህም ሞልቷል፣ እናንተ ሰፈር ያለውን አሳዩኝ" አሉ። ደሞ ሐበሻ ቤት ብንሄድ ገና ሂሳብ ሳንከፍል ወሬው ሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል። ለጾመኛ ደግሞ ከኛ ምግብ ቀጥሎ የሚያጠግበው ያው የዐረቦቹ ነው፣ ሑሙስ፣ ፈላፍል፣ ፉል፣ ምስርና ሩዝ የሆነው ሙጀደራ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለው ሥጋ የሌለው ወረቅ ኢነብ። እና ሦስት ሳምንት ሙሉ ዲሲ አዳምስ ሞርጋንን ስዞር ከረምኩልሽ።

እሱ የመረጠው 18ኛው መንገድ ላይ ያለ ዋይን ባር ነው፣ ስሙን ተዪው። ሙዚቃው ያደነቁራል፣ ወንበሩ እግር መሬት የማያስነካ ረጅም ነገር፣ እናቱን ነጠላቸውን እንደለበሱ እዛ ላይ ማን ያወጣቸዋል? ወተት፣ ቅቤ ምናምን የለበትም አይደል ብዬ ሁለቴ ጠይቄ የተጠበሰ ደበርጃን መጣልኝ፣ በዳቦ ዛቅ ሳደርገው ከሥሩ ነጭ ነገር ወጣ፣ ለብኔ! ለአስተናጋጁ ሳሳየው "እርጎ እኮ ነው" አለኝ። እሳቸው ቢሆኑስ ኖሮ ያንን የጎረሱት? ዋይኑ ግን ጥሩ ነበር፣ አሲርቲኮ የሚሉት የግሪክ ደሴት የሳንቶሪኒ ነጭ፣ ሎሚ ሎሚ የሚልና ትንሽ ጨው ያለው ነገር፣ አንቺ ብትቀምሺው ግማሽ ሰዓት ታወሪለት ነበር። ዝርዝሩ ላይ ወረድ ስል ደግሞ የሊባኖሱን ዋይን ክሳራን አየሁ። ያ የቤይሩቷ መዳም ጠርሙስ፣ በ1857 የተጀመረ ነው እያለች ለእንግዳ ሁሉ የምታወራለት። አንድ ቀን እንኳ ቅመሺ አላለችኝም። ዝርዝሩን አጠፍኩት።

ፍሎሪዳ አቬኑ ያለው ሜይዳን ቆንጆ ነው፣ እሳቱ ቤቱ መሀል ይነዳል፣ በእጅሽ በዳቦ እየጠቀለልሽ ነው የምትበዪው፣ ግን የበጉ ሽታ በጾም አይሆንም። ለፋሲካ እንወስዳቸዋለን። ከድልድዩ ማዶ ውድሊ ፓርክ ደግሞ ሊባኒዝ ታቨርና አለ፣ አንድ የሊባኖስ ቤተሰብ በ1979 አርሊንግተን ላይ የጀመረው ነው፣ ጠረጴዛው ሰፊ፣ ምግቡ ንጹሕ፣ ምንም አይወጣለትም። እዛ ነው እንግዲህ ጉዱ የመጣው። "ወረቅ ኢነብ" ስል አስተናጋጁ በዐረብኛ መለሰልኝ፣ እኔም ሳላስበው በዐረብኛ ቀጠልኩ፣ የቤይሩት አነጋገር ነው ብሎ ደስ አለው፣ የት ተማርሽ አለኝ። እጄ ቀዘቀዘ።

እናቱ አያውቁም። እሱ ያውቃል፣ እሳቸው ግን ከአዲስ አበባ በቀጥታ አሜሪካ የገባሁ ነው የሚመስላቸው። ቤይሩት አሽረፊዬ አራት ዓመት የሰው ቤት እንደሠራሁ፣ በረንዳ ላይ እንደተኛሁ አልነገርኳቸውም። ታውቂያለሽ ሰው ዐረብ አገር ነበረች ሲባል ፊቱን እንዴት እንደሚያደርግ። ሳህኑ ሲመጣልኝ ቅጠሉን እየፈታሁ አየሁት፣ ሸካራው ጎን ወደ ውስጥ፣ ሩዙ ትንሽ፣ ጎንና ጎኑ ታጥፎ እንደ ጣት የቀጠነ፣ እንዳይፈነዳ ደሞ ብዙ ያልጠበቀ። እጄ አልረሳውም። ስንቱን ሺህ ጠቅልለን ማድ ቤት ቆመን ነበር የተረፈውን የምንበላው፣ አሁን ቁጭ ብዬ ሲቀርብልኝ መጉረስ አቃተኝ።

ስለዚህ ልቤ ያለው ማማ አይሻ ላይ ነው። ድልድዩን ተሻግረሽ ካልቨርት ጥግ ላይ፣ ያ ፕሬዝዳንቶቹ ግድግዳው ላይ የተሳሉበት። አይሻ ከኢየሩሳሌም መጥታ የሶርያ ኤምባሲ ወጥ ቤት ነበረች፣ ከዛ ነው በ1960 የራሷን ቤት የከፈተችው። ለስንት ዓመት በዛ አልፌ ይሄን አላውቅም ነበር! ከአይዘንሃወር እስከ ኦባማ ተሰልፈው እሷ መሀላቸው ቆማለች፣ የሰው ማድ ቤት የነበረች ሴት። እዛ ግድግዳ ሥር ቆሜ "እማዬ፣ እኔም እንደዚህ ነበርኩ" ልላቸው አሰብኩ፣ ግን ከእራቱ በፊት ነው በኋላ? ወይስ ዝም ልበል? እሱ እንደፈለግሽ ነው የሚለኝ፣ እኔ ግን ሁለቱንም ሕይወቴን የምታውቅ ሰው ነው መጠየቅ የፈለግኩት፣ አንቺን።

እና አባትሽ፣ አባባ... ሲያርፉ ነፍስ ይማር ብዬ ቴክስት ብቻ ልኬ ቀረሁ። ስልኩን አምስቴ ደውዬ ሳይነሳ ዘግቼዋለሁ። ሲያትል መምጣት ነበረብኝ፣ አንቺ ብትሆኚ በማግስቱ እኔ በር ላይ ነበርሽ። እዛ አገር ሆነን እናቴ የሞተች ጊዜ እሁድ ቤተክርስቲያን ጓሮ ይዘሽኝ የዋልሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ ግን... ምን ብዬ እንደምጨርሰው አላውቅም።

ነሐሴ 10 ቅዳሜ ነው እራቱ፣ ለአምስት ሰው ልይዝ ነው፣ አምስተኛው ወንበር ያንቺ ነው። ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ፣ ሥራ አለኝ እንዳትዪኝ። አጎቱም ዋይን ይጠጣሉ፣ ቀይ ነው የሚወዱት፣ ክሳራ ያልሆነ ምረጪላቸው። እሁድ ማታ እደውላለሁ፣ እስኪነሳ ድረስ አልዘጋም።

እህትሽ