የከዚራው የባቡር ወርክሾፕ ሙዚየም ብቻ አይሁን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በድሬዳዋ ከዚራ የሚገኘውን የቀድሞውን የምድር ባቡር ግቢ መልሶ ስለማልማት ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ግቢው ሙዚየምና መዝናኛ ቢሆን ይበቃል የተባለውን አልስማማበትም።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ በመድረሱ ነው፤ መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑም ከተማዋ ለዓመታት የባቡሩ መዳረሻ፣ ከዚያም በኋላ ዋና የጥገና ማዕከሉ ሆና ቆይታለች። ስለ ከዚራ ሲጻፍ ግን ቀጥ ያሉት ጎዳናዎችና የዛፎቹ ጥላ ይወደሳሉ እንጂ፣ የሎኮሞቲቭ መለዋወጫ ይቀረጽባቸው የነበሩት የወርክሾፑ ቶርኖዎች እምብዛም አይነሡም። ማሽኑን በገመድ አጥሮ ማሳየት ይቻል ይሆናል፤ ሙያው ግን ያለው በሠራተኞቹ እጅ ነው፣ እነርሱም በዕድሜ እየገፉ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ በመሠራቱ፣ የከዚራ ነጋዴ እንደ ድሮው ከባቡር የሚወርድ ገበያተኛ የለውም። አልፎ አልፎ የሚመጣ ጎብኚም (ያውም በድሬዳዋ ሙቀት) ሰፈሩን ዓመቱን ሙሉ አያኖረውም፤ በየቀኑ የሚገባና የሚወጣ ሠራተኛና ሠልጣኝ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የሚመለከተው አካል ከግቢው መሬት አንዲት ካሬ ሜትር እንኳ ለሊዝ ከማውጣቱ በፊት ማሽኖቹን በዝርዝር ይመዝግብ፤ ከወርክሾፖቹም ቢያንስ አንዱን ለቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች የተግባር ልምምድ መድቦ፣ ጡረታ የወጡትን የባቡር ሠራተኞች በክፍያ አሠልጣኝ አድርጎ ይቅጠር።

አንድ የድሬዳዋ አንባቢ