የቤተሰብ መኪና ከኋላ ወንበሩ ይመዘን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመኪና ገጻችሁ የሚወጡትን ግምገማዎች በጉጉት እከታተላለሁ። ስለ ሞተር ጉልበት፣ በአንድ ቻርጅ ስለሚኬደው ርቀት፣ ስለ ስክሪን ስፋት ብዙ ይባላል። የኋላው ወንበር ግን «ሰፊና ምቹ» ተብሎ ይታለፋል። ልጆቻችን የሚቀመጡት እዚያ ነውና ለቤተሰብ የሚገዛ ኤስዩቪ መመዘን ያለበት ከኋላው በር ተጀምሮ ነው።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከሉ ገዢ ፊት የሚቀርበው በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንድም ለቻይና ገበያ ተሠርቶ የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና፣ አንድም ዓመታት ያገለገለ ራቭ ፎር፣ ቪታራ ወይም ቱሳን። ሁለቱም ለቤተሰብ ይሆናሉ፤ የሚፈተሹበት ነገር ግን ይለያያል።

በከተማችን ልጅን ጭን ላይ አቅፎ መሄድ እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 110 ኪሎ በሚያህል ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። ያንን የሚይዝ ክንድ የለም። 40 ደግሞ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ሳይታወቅ የሚደረስበት ፍጥነት ነው። እናትና ልጅን በአንድ ቀበቶ ማሰር ይብሳል፤ የእናትየው ክብደት ልጁን ቀበቶው ላይ ይደፈጥጠዋል። እንግዲህ ገዢ ሻጩን መጠየቅ ያለበት መኪናው ስንት የልጅ መቀመጫ፣ ማለትም ወንበሩ ላይ የሚታሰር ለልጅ የተሠራ መቀመጫ፣ በትክክል እንደሚያሳስር ነው።

መልሱ የሚገኘው በጣት ነው። የኋላው ወንበር መደገፊያና መቀመጫ የሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ጣት ሲገባ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች መነካት አለባቸው። የልጅ መቀመጫ የሚያያዝባቸውና አይሶፊክስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ውፍረታቸው 6 ሚሊ ሜትር፣ ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል 28 ሴንቲ ሜትር። ብዙውን ጊዜ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ እንጂ መሃል ላይ አይገኙም። ሦስተኛው ማሰሪያ ከመደገፊያው ጀርባ ወይም ከዕቃ መጫኛው ወለል ላይ ያለ ጠንካራ ቀለበት ነው፤ የመቀመጫው የላይ ማሰሪያ የሚያዘው በእሱ ነው። ከዕቃ መረብ መንጠቆ ጋር እንዳይምታታ የመልሕቅ ሥዕል ያለበትን መፈለግ ይበጃል። የልጁና የመቀመጫው ክብደት ተደምሮ ከ33 ኪሎ ሲያልፍ ብረቶቹ ብቻቸውን አይበቁም፤ የመኪናው ቀበቶ መያዝ አለበት።

እዚህ ላይ የከተማችን አንድ ልማድ ጉዳት ያመጣል። መኪና እንደተገዛ ወንበሩን ቆዳ ማልበስ የተለመደ ነው፤ ልብሱ ግን ብዙ ጊዜ ስንጥቁን ዘግቶ ብረቶቹን ይሰውራቸዋል። በፊት ወንበሮች ጎን ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት) ካለ ደግሞ ተሰፍቶ ይታፈናል። ማልበስ የግድ ከሆነ ለባለሙያው ብረቶቹንና «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጎን አሳይቶ ክፍት እንዲተው ማዘዝ ያስፈልጋል።

ሦስት ልጆች ያሉት ወላጅ ሜትር ይዞ ይሂድ። አር 129 በሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የልጅ መቀመጫ ደንብ አይሳይዝ በሚባለው ዓይነት የጸደቀ መቀመጫ ስፋቱ እስከ 44 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ሦስቱ 132 ይሆናሉ። ከበር እስከ በር 140 የሚለካ መኪና የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን የወንበሩ ጠርዝ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ጎንና ጎን ያሉት ተዘንብለው መሃለኛውን ይገፉታል፣ የቀበቶው መቆለፊያም ከመቀመጫዎቹ ሥር ይቀበራል። መቀመጫዎቹን አምጥቶ አስሮ ከማየት የተሻለ መንገድ የለም። ታስሮ ሲነቀነቅ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልታሰረም። በዚያው ደንብ ሕፃን ቢያንስ እስከ 15 ወሩ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ሹፌሩ የራሱን ወንበር ለእግሩ በሚመቸው ልክ ካደረገ በኋላ ከኋላው ቦታ መቅረቱ ይታይ። እንዲህ ያለ መቀመጫ ኤርባጉ ባልተዘጋ የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው የሕፃኑን ጭንቅላት ነው። በክረምት ደግሞ ጋቢና ወፍራም ጃኬት ከማሰሪያው በታች አይሁን፤ በግጭት ጊዜ ልብሱ ይታመቅና ማሰሪያው ይላላል። ከላይ ማልበስ ይቻላል።

ያገለገለ መኪና ሲሆን ቀበቶው ራሱ ታሪኩን ይናገራል። እያንዳንዱን የኋላ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ጎትቶ ማውጣት ነው። ጫፉ ላይ የጭቃ መስመር ወይም የሻገተ ሽታ ካለ መኪናው ውኃ ገብቶበታል። ሥሩ ላይ የተሰፋው ምልክት የተመረተበትን ዓመት ስለሚያሳይ ከሊብሬው ጋር ይነጻጸር፤ ከመኪናው በብዙ ዓመት ያነሰ ቀበቶ ከግጭት በኋላ የተቀየረ ሊሆን ይችላል። ድንገት ሲነጠቅ መቆለፍ፣ ሲለቀቅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መጠቅለል አለበት። የኤርባግ መብራት ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይጠፋል። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ሆን ተብሎ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል «ምንም ችግር የለውም» የሚለውን ደላላ መስማት አይገባም።

በአዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ፈተናው ሌላ ነው። የኋላ በር የልጅ መቆለፊያ በአንዳንዶቹ በሩ ጠርዝ ላይ ባለ ትንሽ ማንሻ፣ በሌሎቹ ስክሪን ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ ወላጅ መዘጋቱን እንኳ አያውቅም። ቆልፎ ከውስጥ መሞከር ነው። በሩ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ 12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ሲሞት በምን እንደሚከፈት ይጠየቅ። የእጅ መክፈቻው የፊት በሮች ላይ ብቻ ኖሮ የኋላው ላይ ከሌለ፣ እኔ ለቤተሰብ አልመክረውም።

ባለ ሰባት ወንበሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በመሃለኛው ረድፍ የልጅ መቀመጫ ከታሰረ ያ ወንበር ወደ ፊት አይታጠፍም፤ ሦስተኛው ረድፍ መግቢያ ይዘጋል። መታጠፍ ያለበት የቀኙ ነው፤ እኛ የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ እግረኛ መንገዱ በዚያ በኩል ነው። የግራው ብቻ የሚታጠፍ ከሆነ ልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ የሚወርዱት ወደ ተሽከርካሪ ነው። በመጨረሻው ረድፍ ከተቀመጠ ልጅ ጭንቅላት እስከ ኋላ መስታወት ያለው ርቀትም ይለካ፤ ከስንዝር ካነሰ ከኋላ ለሚመጣ ግጭት ትንሽ ነው የሚተርፈው።

ግቢ ውስጥ የሚደርሰውን አደጋ በሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መፈተሽ ይቻላል። አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረብ መራመድ የጀመረ ልጅ ቁመት ያህላል። ጀሪካኖቹ ከኮፈኑ ፊት ተቀምጠው ሹፌሩ እስኪያያቸው ድረስ ወደ ፊት እየተራቁ ርቀቱ ይለካ፤ ኮፈኑ ከፍ ባለ መኪና የማይታየው ርቀት ሻጩ ከሚለው ይበልጣል። ከኋላም በካሜራና ያለ ካሜራ ይደገም፤ የክረምት ጭቃ ሌንሱን ይሸፍናልና። ኤሌክትሪኩ በዝግታ ሲሄድ የሚያሰማው የማስጠንቀቂያ ድምፅ መሥራቱን በሰው እግር ፍጥነት ነድቶ ማዳመጥ ነው።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው። ገምጋሚዎቻችሁ ወደ መኪና ሲሄዱ አንድ የልጅ መቀመጫ ይያዙ፤ አስረው የተነሳው ፎቶ፣ የአይሶፊክሱ ብዛትና ቦታ፣ በሦስቱም ረድፍ ያሉት ቀበቶዎችና ኤርባጎች ከዋጋው አጠገብ ይታተሙ። የመኪና ማስታወቂያ የሚያወጡ ነጋዴዎችም እነዚህኑ እንዲሞሉ ቅጹ ላይ መስመር ቢጨመርላቸው መልካም ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያና ወላጅ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ