ጥበቡን ለውሃው አትስጡት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። በፈሳሽ ውስጥ እየፈሰሱ ቦታቸውን ስለሚይዙ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ያወጣችሁት ጽሑፍ ሱቄን በጥብጦታል። ደንበኞች «እንግዲህ ሙያህ አበቃ» ይሉኛል። እኔ ዘንድ የሚማረውን ልጃቸውን ሊያስወጡ የመጡ እናትም አሉ። ጽሑፉ «የሰው እጅ የለበትም» ብሎ ነዋ!

ዘዴው የትናንት አይደለም። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እነ ስቴፈን ስሚዝ በ1994 እ.ኤ.አ. ብርሃን ሰጪ ዳዮዶችን (ኤሌክትሪክ ሲያገኙ የሚያበሩ ጥቃቅን ክፍሎች፣ ኤል.ኢ.ዲ. የሚባሉትን) በፈሳሽ አድርገው ቺፕ በሚሠራበት የሲሊከን ዝርግ ላይ አስቀምጠዋል። ዳዮዱ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኖ ይቀረጻል፤ ሲሊከኑ ላይም ልክ በዚያው ቅርጽ ጉድጓድ ይማሳል። ተገልብጦ የመጣ አይገባም፤ ፈሳሹ ጠርጎት ይሄዳል፣ ተሰብስቦም እንደገና ይፈስሳል። ውሃው ማመላለስ እንጂ መምረጥ አያውቅም። የሚመርጠው ጉድጓዱ ነው፤ ጉድጓዱን ደግሞ ያሰበውም የለካውም ሰው ነው።

ፈሳሽ ለምን አስፈለገ? በወረንጦ የሠራ ያውቀዋል። ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጥ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) አንስቼ ልለቀው ስል ወረንጦው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የአንድ ዕቃ ጎን በ10 እጥፍ ሲያንስ ክብደቱ በ1,000 እጥፍ ይቀንሳል፤ የመጣበቅ ኃይሉ ግን የዚያን ያህል አይቀንስም። ብዛቱም አለ። ነጥቦቹ 3,840 በ2,160 የሆነ ቴሌቪዥን ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ዳዮድ ቢደረግለት ወደ 25 ሚሊዮን ዳዮድ ይፈልጋል። በሰከንድ 10 የሚያስቀምጥ ማሽን ያለ እረፍት ቢሠራ 29 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ያውም ለአንድ ቴሌቪዥን!

ጽሑፋችሁ የዘለለው ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ከ10,000 ጉድጓድ አንዱ ብቻ ባዶ ቢቀር እንኳ በዚያ ቴሌቪዥን ላይ 2,500 ያህል ጨለማ ነጥብ ይኖራል። እነዚህን የሚፈልግ፣ የተበላሸውን የሚያነሳ፣ የሚተካ ሥራ አለ። እኛ ይህን ጥገና እንለዋለን። እርግጥ እኔ በወረንጦዬ የምደርስበት መጠን አይደለም፤ ማሽንና ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል። ቢሆንም ያንን ማሽን ነገ የሚይዘው ዛሬ የሞባይል ሰሌዳ (ክፍሎቹ የሚበየዱበት) ላይ የተቃጠለውን ከደህናው መለየት የተማረ ልጅ ነው። እናትየውንም እንዲህ ብያቸው ልጁን እስከ ክረምቱ መጨረሻ ትተውልኛል።

ቀጣዩን ክፍል ስታወጡ የጉድጓዱን ሥዕል አብራችሁ አትሙልን፤ ከጎኑ ተቆርጦ የሚታየውን። ስለ ባዶዎቹ ጉድጓዶችም አንድ አንቀጽ አይጥፋ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዳማ